ለዓይናችን የተሠራ ብርሃን፦ የካናቢስ ተክል መመዘዝና የመብራት ምርጫ ታሪክ



ባለፈው ሴሚስተር የሳይንስ ታሪክ ኮርሴን ይከታተል የነበረ አንድ ተማሪ ከክፍል ስወጣ አስቁሞ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። ታላቅ ወንድሙ የሚኖረው በካናዳ ነው፤ እዚያም ካናቢስ ከ2018 ጀምሮ በሕግ ተፈቅዷል። ወንድሙ በቤቱ ውስጥ የሚያበቅላቸው ጥቂት ተክሎች አበባ መያዝ ሲጀምሩ ከልክ በላይ እየረዘሙ ከመብራቱ ጋር ይጋጫሉ። “ይህን የሚከለክለው የትኛው መብራት ነው?” አለኝ። የዕፅዋት ባለሙያ ስላልሆንሁ ወደሚያውቁት ልልከው አስቤ ነበር። ይሁን እንጂ ጥያቄው አልለቀቀኝም፤ ማንበብ ጀመርሁ፤ የዛሬው ንግግሬም ከዚያ ንባብ የወጣ ነው። በአገራችን ይህን ተክል ማብቀል በሕግ የተከለከለ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የምናገረው ስለ አውሮፓና ስለ ሰሜን አሜሪካ ነው፤ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መመዘዝ ስል የግንዱ አንጓ ከአንጓ እየራቀ ተክሉ ቀጥኖ መርዘሙን ማለቴ ነው። ካናቢስ ሌሊቱ ሲረዝም የሚያብብ ተክል ስለሆነ፣ በቤት ውስጥ የሚያበቅሉት ሰዎች አበባ ሲፈልጉ መብራቱን 12 ሰዓት አብርተው 12 ሰዓት ያጠፉታል። ከዚህ ለውጥ በኋላ ባሉት ሁለት ሦስት ሳምንታት ተክሉ ቁመቱን እጥፍ ሊያደርግ ይችላል። የመብራት ምርጫ ጥያቄ የሚነሣውም በእነዚህ ሳምንታት ነው።

ታሪኩን የጀመረው ራሱ ይኸው ተክል መሆኑ ሲያነቡት ያስገርማል። ጁልየን ቱርኗ የተባለ ፈረንሳዊ ተመራማሪ በፓሪስ በክረምት ወራት በመስታወት ቤት ውስጥ ሆፕስና የጃፓን ሄምፕ ያበቅል ነበር፤ ሄምፕ ለገመድና ለጨርቅ የሚውለው የካናቢስ ዝርያ ነው። ገና ጥቂት ቅጠል ያወጡት ቡቃያዎች ያለጊዜያቸው አበቡ። ቱርኗ ምክንያቱን በሙቀት፣ በአፈርና በእርጥበት ፈልጎ አጣው። በ1912 እና በ1914 ባሳተማቸው ጽሑፎች ምክንያቱ የብርሃኑ ሰዓት ማጠር፣ ይልቁንም የሌሊቱ መርዘም ነው ወደሚል ድምዳሜ ደረሰ። ከዚያ በኋላ አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ፤ ቱርኗም በጦርነቱ ተገደለ።

በመማሪያ መጻሕፍት የምናገኛቸው ስሞች ከእርሱ በኋላ የመጡት የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ተመራማሪዎች ዋይትማን ጋርነርና ሃሪ አላርድ ናቸው። የእነርሱ ችግር ትንባሆ ነበር። ሜሪላንድ ማሞዝ የተባለው ዝርያ በበጋ ከ3 ሜትር በላይ ይረዝማል እንጂ አያብብም። በ1918 በአርሊንግተን የሙከራ እርሻ፣ ኋላ ፔንታጎን በከፊል በተሠራበት መሬት ላይ፣ ማሰሮዎቹን ቀኑ ሳይመሽ ወደ ጨለማ ጎጆ እያስገቡ ቀኑን በሰው እጅ አሳጠሩት፤ ትንባሆውም አበበ። ግኝታቸው በ1920 ታተመ።

እዚህ ላይ ስለ አገራችን አንድ ነገር ልበል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። የሰዓት አቆጣጠራችን ቀኑን 12፣ ሌሊቱንም 12 አድርጎ ከንጋት መጀመሩ ያለምክንያት አይደለም። የፓሪሱ ተመራማሪ በመስኮቱ ያየውን ልዩነት የእኛ ገበሬ በማሳው ላይ ለማየት ይቸገር ነበር። የካናዳው ወንድም በመቆጣጠሪያ ሰዓት የሚፈጥረው ቀን፣ ለነገሩ፣ የእኛ ቀን ነው።

የሌሊቱ ርዝመት አበባን ያስረዳል፤ መመዘዝን ግን ሙሉ በሙሉ አያስረዳም። ለዚያ የብርሃኑን ቀለም መመርመር ያስፈልግ ነበር። በሜሪላንድ ቤልትስቪል የነበረው የሃሪ ቦርትዊክና የስተርሊንግ ሄንድሪክስ ቡድን በ1952 የሰላጣ ዘር በቀይ ብርሃን እንደሚበቅል፣ ወዲያው ሩቅ ቀይ ብርሃን ቢያገኘው ደግሞ ትእዛዙ እንደሚሻር አሳየ። ቀዩ 660 ናኖሜትር አካባቢ፣ ሩቅ ቀዩ 730 አካባቢ ነው። በ1957 ደግሞ ባቄላ ላይ ሠሩ፤ በቀኑ መጨረሻ ለጥቂት ደቂቃ ሩቅ ቀይ ብርሃን ያገኘው ተክል ተመዘዘ፣ ከዚያ ቀይ ሲጨመርለት አጭር ሆኖ ቀረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ይህን የሚያነበውን ቀለም በሕያው ተክል ውስጥ በመሣሪያ አገኙት፤ ፋይቶክሮም ይባላል።

ትርጉሙ ቀላል ነው። ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይመጠዋል፣ ሩቅ ቀዩን ግን ያሳልፈዋል ወይም ይመልሰዋል። ስለዚህ ሩቅ ቀይ የበዛበት ተክል “ጎረቤት ሊጋርደኝ ነው” ብሎ ይረዝማል። በእንግሊዝ ሃሪ ስሚዝና የሥራ ባልደረባው በ1976 የሁለቱን ብርሃናት ጥምርታ ከግንድ እድገት ጋር አያያዙት።

አሁን ወደ መብራቱ እንመለስ። በ1924 ዓለም አቀፉ የብርሃን ኮሚሽን የሰው ዓይን ለየትኛው ቀለም ምን ያህል ንቁ እንደሆነ የሚያሳይ መስፈርት አጸደቀ። ሉመን የምንለው መለኪያ በዚህ ላይ ቆሟል። ዓይናችን ይበልጥ የሚነቃው በ555 ናኖሜትር፣ በአረንጓዴና በቢጫ መካከል ነው። በ450 ናኖሜትር ያለው ሰማያዊ የሚቆጠርለት ከዚያ 4 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው፤ ሩቅ ቀዩ እንደሌለ ይቆጠራል። አምፖል የሚያመርቱት ድርጅቶች ለአራት አሥርተ ዓመታት የተወዳደሩት በዚህ መለኪያ ነበር። አሸናፊው በ1960ዎቹ አጋማሽ ለገበያ የቀረበው ከፍተኛ ግፊት ያለው የሶዲየም መብራት ሆነ። መንገድ ዳር ቢጫ ብርሃን የሚረጨው ማለት ነው፤ በአንድ ዋት ከ100 ሉመን በላይ ይሰጣል።

ይህ የመንገድ መብራት ወደ ጓዳ የገባው በፖሊስ ምክንያት ነው ብል ብዙ አላጋነንሁም። ከ1983 ጀምሮ በካሊፎርኒያ ሄሊኮፕተሮች ማሳዎቹን እያሠሡ ተክሉን ሲነቅሉ፣ ብዙ አብቃዮች ከጣራ ሥር ገቡ። ያገኙትም መብራት ለአስፋልት የተሠራውን ነበር። ምርቱ ጥሩ፣ ግንዱ ግን ረጅም ሆነ። እዚህ ላይ ብዙዎች እንደሚሉት ጥፋቱን በሩቅ ቀይ ላይ መጣል አይቻልም፤ ሶዲየም ከሩቅ ቀይ ይልቅ ቀዩ ይበዛለታል። የጎደለው ሰማያዊው ነው። ሰማያዊን የሚያነበው ክሪፕቶክሮም የተባለው ተቀባይ ዘረመሉ የተለየው በ1993 ነው። አብቃዮቹ ግን ቀድመው በልምድ ደርሰውበት ነበር፤ ሰማያዊ የሚበዛበትን የሜታል ሃላይድ መብራት በቅጠሉ ዘመን ይጠቀሙ ነበር፤ ጥንቁቆቹ በአበባው የመጀመሪያ ሳምንታትም አያነሡትም ነበር። ሌሎች ግን መብራቱን የሚለውጡት ተክሉ መመዘዝ በሚጀምርበት በዚያው ቀን ነበር።

ኤልኢዲም ያንኑ ስሕተት ደገመ። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ለጠፈር ጉዞ ሰላጣ ያበቅሉ የነበሩ ተመራማሪዎች በቀይ ኤልኢዲ ብቻ ያደጉት ቡቃያዎች ተመዘዙባቸው፤ በ1992 ባሳተሙት ውጤት 15 ማይክሮሞል ያህል ሰማያዊ ሲጨመር መመዘዙ ቀረ። ብሩህ ሰማያዊ ኤልኢዲ የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው።

በሉመን ፈንታ ለተክል የሚስማማ መለኪያ ያቀረበው ኪት ማክሪ ነው። በ1972 ባሳተመው ሥራው 22 ዓይነት ተክሎችን መርምሮ፣ ለብርሃን አስተጻምሮ የሚቆጠረው ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ያለው መሆኑን አረጋገጠ። ዛሬ በመብራቱ ካርቶን ላይ የሚጻፈው ቁጥር ከዚህ የመጣ ነው። ልብ በሉ፤ 730 ከዚህ መለኪያም ውጭ ነው! ምግብ የሚሠራበትን ብርሃን የሚለካው ቁጥር ቁመትን የሚያዘው ብርሃን ምን ያህል እንደሆነ አይናገርም። እኔ ራሴ በወጣትነቴ የቲማቲም ችግኝ በመስኮት ላይ በባለ ክር አምፖል አሳድጌ ነበር፤ ብርሃኑ ለዓይኔ ሞቅ ያለና የተመቸ ነበር፤ ሩቅ ቀይም ሞልቶበት ነበር። ችግኞቼ እንደ ክር ቀጥነው ወደቁ፤ ጥፋቱን በአፈሩ ላይ አሳበብሁ።

ለተማሪዬ የነገርሁት ይህን ነው፦ ወንድምህ የካርቶኑን ትልቅ ቁጥር ትቶ የቀለሙን ሥርጭት የሚያሳየውን ሥዕል ይጠይቅ። ለእነዚያ ሦስት ሳምንታት ሰማያዊ በቂ ያለው፣ የ730 አምፖል ያልተጨመረበት ነጭ ኤልኢዲ ይምረጥ። የቀኑ ሙቀት ከሌሊቱ ብዙ እንዳይበልጥም ይጠንቀቅ፤ የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ እንዳሳዩት ቀኑ ከሌሊቱ ይበልጥ በሞቀ ቁጥር ግንድ ይረዝማል። ነገር ግን ሰማያዊው ዋጋ አለው። በዩታ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ2021 በካናቢስ ላይ የታተመ ጥናት የሰማያዊው ድርሻ ከ4 ወደ 20 በመቶ ሲያድግ የአበባው ምርት 12 በመቶ ያህል መቀነሱን አሳይቷል። ጣራው ከፍ ያለ ሰው ይህን ዋጋ የሚከፍልበት ምክንያት አይታየኝም። ተማሪው የወንድሙ ጣራ ስንት ሜትር እንደሆነ ጠይቆ ሊነግረኝ ሄደ፤ እስካሁን አልተመለሰም።