ግንቡ ሳይነሣ የሚጠየቀው ጥያቄ

በአሜሪካ በኢሊኖይ ግዛት፣ በቺካጎ ከተማ፣ የሚሺጋንን ሐይቅ ተከትሎ በሚሄደው ሰፊ ጎዳና ላይ፣ በ1889 ዓ.ም. ተመርቆ እስከ ዛሬ ጸንቶ የቆመ ኦዲቶሪየም የተባለ ታላቅ ሕንጻ ይገኛል (በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከ4,000 በላይ ተመልካች የሚይዝ የቴአትር አዳራሽ፣ 400 ክፍል ያለው ሆቴል፣ የኪራይ ቢሮዎችና እስከ 17 ፎቅ የሚደርስ ግንብ ባንድነት የያዘውን ይህን ሕንጻ የነደፉት ሁለት ጠበብት ነበሩ፤ ሉዊስ ሳሊቫን በጌጡና በመልኩ ሲመሰገን፣ ዳንክማር አድለር የተባለው ባልደረባው ደግሞ ዓይን የማያየውን፣ ይኸውም መሠረቱንና የድምፁን ነገር ይዞ ነበር።

የቺካጎ ምድር ለግንበኛ የምትመች ምድር አይደለችም። አለቱ እጅግ ጥልቅ ስለ ሆነ፣ ከአለቱ በላይ ያለውም አብዛኛው ውሃ የጠገበ ለስላሳ ሸክላ ስለ ሆነ፣ የዚያ ዘመን ሰዎች ሕንጻን በአለት ላይ ማቆም ቢሳናቸው በጭቃው ላይ እንደ ታንኳ ማንሳፈፍን ተማሩ። አድለርም ግንድ በግንድ ላይ አጋድሞ፣ በኮንክሪትና በባቡር ሐዲድ ብረት አያይዞ፣ ሸክሙ በሰፊ ቦታ እንዲከፋፈል አደረገ። ነገር ግን ግንቡ ከጎረቤቶቹ ክፍሎች ይልቅ ከባድ ነበርና ብቻውን ዘልቆ ወርዶ ሕንጻውን እንዳይሰነጥቀው ፈርቶ፣ ግንቡ ገና ሳይነሣ በመሠረቱ ላይ ጥሬ ብረትና ጡብ ከምሮ ሊመጣ ያለውን ክብደት አስቀድሞ አሸከመው። እንዲህ ያለውን ጥንቃቄ ሳነብ ሁልጊዜ እደነቃለሁ። ሆኖም ያ ሁሉ ጥንቃቄ በአንድ ውሳኔ ተሸነፈ፤ የውጭው ግድግዳ በቀላል ጡብና በሸክላ ሊለበስ ታስቦ መሠረቱ ከተጣለ በኋላ አሳቡ ተለውጦ በግራኒትና በኖራ ድንጋይ እንዲሠራ ተደረገ፤ ግድግዳው ከታሰበው በላይ ከበደ፤ ሕንጻውም በአንዳንድ ስፍራ ከ29 ኢንች፣ ማለትም ከ70 ሳንቲ ሜትር በላይ ሰመጠ።

ይህን የማወሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ሕንጻው ከተመረቀ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1897 ዓ.ም.፣ የኢሊኖይ ግዛት አርክቴክት ነኝ የሚል ሁሉ ፈቃድ እንዲኖረው የሚያስገድድ ሕግ ከአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ ቀድሞ ሲያወጣ፣ የመጀመሪያው የመርማሪዎች ጉባኤ ሰብሳቢ ሆኖ የተቀመጠው ይኸው ዳንክማር አድለር ነበረና ነው። ከእርሱ ጋር ጸሐፊው ፒተር ዋይት፣ በ1873 ዓ.ም. በአሜሪካ በኪነ ሕንጻ የመጀመሪያውን ዲግሪ የተቀበለው ናታን ሪከርና ሌሎችም ነበሩ። ከዚያ በፊት አናጢም ሆነ ሥራ ተቋራጭ በሩ ላይ ሰሌዳ ከሰቀለ አርክቴክት መባሉን የሚከለክለው አልነበረም። ሕጉ በወጣ ጊዜ በሥራው ላይ የነበሩት በማመልከቻ ብቻ ፈቃድ ሲያገኙ፣ ከኋላ የመጡት ግን ለፈተና ተቀመጡ፤ ሕግ ሁልጊዜ ቀድሞ ለገባ ሰው ርኅሩኅ ነው።

የቀሩት ግዛቶች ኢሊኖይን ለመከተል ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ፈጀባቸው። በ1919 ዓ.ም. የየግዛቱ መርማሪዎች የሚመካከሩበት አገር አቀፍ ጉባኤ ቢቋቋምም ፈተናው ከቦታ ቦታ እየተለያየ ለረጅም ጊዜ ኖረ። በብዙዎች ልብ ውስጥ የቀረው ግን የንድፉ ፈተና ነው፤ ተፈታኙ ሰሌዳውን፣ ማስመሪያውንና ስንቁን ተሸክሞ ገብቶ 12 ሰዓት ሙሉ በእርሳስ ሲያሰምር ይውል ነበር። መርማሪው የክፍሎቹን ዝርዝርና የቦታውን ካርታ አዘጋጅቶ ይሰጠዋል፤ እርሱም በተሰጠው ቦታ ላይ የተሰጠውን ሕንጻ ይነድፋል። ይህ ዝርዝር ከወዴት መጣ? ቦታውስ ይህን ሕንጻ ይሸከማልን? ብሎ መጠየቅ በዚያ ቀን የእርሱ ድርሻ አልነበረም፤ አድለርን ያስጨነቀው ግን ይኸው ጥያቄ ነበር።

ጥያቄውን ሥርዓት ያለው ጥበብ ያደረጉት ከቴክሳስ የተነሡ ሰዎች ናቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኮዲል፣ ሮውሌትና ስኮት በሚል ስም የታወቀ አንድ ቢሮ በኦክላሆማ ግዛት ብላክዌል በምትባል ትንሽ ከተማ ትምህርት ቤት እንዲሠራ ታዘዘ። ጠበብቱ ንድፍ ይዘው ብዙ መቶ ማይል ይጓዛሉ፤ የከተማው የትምህርት ቦርድ ይነቅፈዋል፤ ተመልሰው ሌላ ይነድፋሉ፤ ያም ይወድቃል። በመጨረሻ መመላለሱ ቢያከስራቸው ማስመሪያቸውን ጠቅልለው ወደዚያችው ከተማ ሄዱና መምህሩን፣ ወላጁን፣ የቦርዱን አባል እየጠሩ በዓይናቸው ፊት እየጠየቁና እየነደፉ ሰነበቱ፤ ሰዎቹ እስኪስማሙም ድረስ ከዚያ አልተነሡም። ራሳቸውን በቀልድ በሰው ቦታ ላይ ያለ ፈቃድ እንደ ሰፈረ ሰው ቈጠሩ፤ ስሙም ለሥራ ዘዴያቸው መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

ከእነዚህ መካከል በጦርነቱ ጊዜ አንድ እግሩን ያጣው ዊልያም ፔኛ የሚባል የላሬዶ ተወላጅ ነበር፤ ነገሩን እስከ መጨረሻው የተከተለውም እርሱ ነው። በ1959 ዓ.ም. ከኮዲል ጋር በአንድ የሙያ መጽሔት፣ በ1969 ዓ.ም. ደግሞ በመጽሐፍ፣ ንድፍ ከመጀመሩ በፊት ዓላማው፣ እውነታው፣ አሳቡና ፍላጎቱ ለየብቻው ተመርምሮ ችግሩ ራሱ በግልጥ ቃል መነገር እንዳለበት አስተማረ፤ ለእርሱ ችግሩን መፈለግ አንድ ሥራ፣ ችግሩን መፍታት ሌላ ሥራ ነው። ፕሮግራሚንግ የሚባለው ችግሩን መፈለጉ ነው። በዚያው በ1969 ዓ.ም. ኢያን ማክሃርግ የተባለው የፔንሲልቬንያ መምህር የአፈሩን፣ የውሃውን፣ የተዳፋቱንና የደኑን ካርታዎች ብርሃን በሚያሳልፍ ወረቀት ላይ አንዱን በአንዱ ላይ እየደረበ ቦታ የሚመረመርበትን ዘዴ በመጽሐፍ አወጣ። እኛ በቤተ ክርስቲያን ያደግን ሰዎች ሁለቱንም ከወንጌል እናውቃቸዋለን፤ ቤቱን በአለትና በአሸዋ ላይ የሠሩት ሁለቱ ሰዎች የቦታ ጥናት፣ ግንብ ሊሠራ ወዶ አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ያልቈጠረው ሰው ደግሞ የፕሮግራሚንግ ምሳሌ ናቸው ብል ሊቃውንቱ የሚቈጡኝ አይመስለኝም።

ከዚህ በኋላ ፈተናው ቀስ በቀስ ወደ ጥያቄው ተሳበ። በ1970ዎቹ የአካባቢ ጥናትና ፕሮግራሚንግ በፈተናው ውስጥ ገቡ፤ በ1983 ዓ.ም. ለሁሉም ግዛቶች አንድ ዓይነት ሆኖ የመጣው ፈተና ከዘጠኙ ክፍሎቹ አንዱን ለቅድመ ንድፍ፣ አንዱንም ለቦታ ንድፍ ሰጠ፤ በ1997 ዓ.ም. ሰሌዳውና እርሳሱ ቀርተው ፈተናው ወደ ኮምፒዩተር ገባ። ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በስድስት ክፍል ሲሰጥ፣ ከስድስቱ አንዱ ፕሮግራሚንግና ጥናት ይባላል፤ ዛሬ 75 ጥያቄ በሦስት ሰዓት የሚመለስበት ነው። ስለ አፈር፣ ስለ ነፋስና ፀሐይ፣ ስለ ጎርፍ፣ ከድንበር ስለሚራቀው ርቀት፣ ስለ ክፍሎች ስፋትና ዝምድና ይጠየቅበታል፤ ሕንጻ ንደፍ የሚል ትእዛዝ ግን የለበትም።

ለዚሁ ፈተና የምታጠናውን፣ በሜሪላንድ የምትኖረውን የእኅቴን ልጅ ልጠይቅ የሄድኩ ጊዜ፣ ከሥራ መልስ በማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የመሬቱን ከፍታ የሚያሳዩ የኮንቱር መስመሮች የሞሉበት ወረቀት ዘርግታ አገኘኋት። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ጣቷን ከ312 ጫማ መስመር ወደ 318 ጫማ መስመር እያንቀሳቀሰች፣ ልዩነቱን በመካከላቸው ላለው 150 ጫማ አካፍላ፣ «ጋሼ፣ አራት በመቶ ነው፤ አምስት ስላላለፈ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው ያለ ራምፕ ያልፋል» አለችኝ። እኔም አላዋቂነቴ አስደፈረኝና ሕንጻው ታዲያ የት አለ ብላት፣ «ሕንጻው ገና ነው፤ አሁን ቦታውን ነው የምናየው» ብላ ወደ ወረቀቷ ተመለሰች።

እርሷን መስሎ ለዚህ ፈተና የሚያጠና ወገኔ ወደ ቺካጎ ያለፈ እንደ ሆነ፣ ኦዲቶሪየሙ ዛሬ የሩዝቬልት ዩኒቨርሲቲ ይዞታ ነውና፣ ወደ ቴአትሩ መግቢያ አዳራሽ ጎራ ይበል። ጣሪያውንና ጌጡን ሌላው ሰው ሁሉ ያይለታል፤ እርሱ ግን በሞዛይኩ ወለል ላይ ወደ ውጭው ግድግዳ አቅጣጫ ቀስ ብሎ ይራመድ፤ ግድግዳው ሲቃረብ ወለሉ ቁልቁል መውረዱን እግሩ ይነግረዋል።