ከሚካኤል ጽዋ እስከ ቴሌግራም ግሩፕ፦ የጨነቀው ሰው የት ይሄድ ነበር?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ተረታችን። ልክ ነው። የጨነቀው ሰው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ ለማን ልንገር?

የዚህ ጥያቄ መልስ ታሪክ አለው። ከፎገራ ሜዳ እንጀምር። በቁሐር ሚካኤልም ሆነ በወረታ ዙሪያ ባሉ አጥቢያዎች ወር በገባ በ12 የሚካኤል ማኅበር ይጠጣል። ተረኛው ጠላውንና ዳቦውን ያዘጋጃል፣ ካህኑ ይባርካል፣ ሙሴው ሥርዓቱን ይመራል። ከመጠጡ በላይ ግን አንድ ልማድ አለ፦ የቀረ ሰው ይጠየቃል። ታሞ ከሆነ ይጎበኛል፣ ከማኅበርተኛው ጋር ተጣልቶ ከሆነ ይታረቃል። ኀዘን የገባበት ሰው «ጨንቆኛል» ብሎ እስኪናገር አይጠበቅም። ባዶ ቦታው ይናገርለታል።

ምሥጢር የሆነውን ደግሞ የንስሐ አባት ይሰማል። ጎረቤት የማያውቀው፣ ለባልና ለሚስትም የማይነገረው እዚያ ይወርዳል።

ይህን ስንል ግን ያለፈውን ሁሉ ማር አናድርገው። ማኅበሩ ላይ አማትም ጎረቤትም ይቀመጣሉ። ባሏ የሚደበድባት ሴት በዚያ መሐል ምን ብላ ትናገር? ልጅ የዘገየባት፣ አእምሮው የታወከበት ቤተሰብ ያላት ሴት ሐሜቱን ፈርታ ዝም ትላለች። ሁሉም የሚያውቅህ ቦታ ይደግፍሃል፤ ያፍንሃልም።

ከተማ ሲያድግ መልሱ ተቀየረ። ከአገሩ ወጥቶ አዲስ አበባ የገባ ሰው ቀባሪ እንዳያጣ እድር ተመሠረተ። አጀማመሩ ብዙውን ጊዜ ከጉራጌ ስደተኞች ጋር ይያያዛል፤ ከጣሊያን ወረራ ዘመን ወዲህም በስፋት ተሠራጨ። እድር ድንኳን ይተክላል፣ ለቀስተኛ ያስተናግዳል፣ ሐዘንተኛን ብቻውን አያሳድርም። ነገር ግን እድር የሚያውቀው ሞትን ነው። በቁም የሚሞትን ሰው የሚያይበት መዝገብ የለውም።

ቀጥሎ ስደት መጣ። ከአማራ ክልልም ከሌላውም ብዙ ሴቶች ወደ ዐረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት ሄዱ። ቤሩት ውስጥ በር ተቆልፎባት የምትሠራ ልጅ ማኅበር የላት፣ እድር የላት፣ የንስሐ አባቷም ሩቅ ነው። ያላት አንድ ስልክ ነው፤ እሱም ካልተነጠቀች። እ.ኤ.አ. በ2017 በሊባኖስ የነበሩ ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች «እኛ ለእኛ በስደት» የተሰኘውን ስብስብ መሠረቱ። በ2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲወድቅና ኮሮና ሲመጣ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ቤሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ጥለው ሲሄዱ ዓለም አየ። በዚያ ሰዓት የተገኘው የቅርብ ዘመድ እንደ እነሱ የተገፋው ስደተኛ ነበር። ስሙ ራሱ ታሪኩን ይናገራል፦ እኛ፣ ለእኛ።

ዛሬ ያ ልማድ ወደ ሁሉም እጅ ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረው ቴሌግራም በኢትዮጵያ ስንቱን ጓዳ ከፈተ! የትዳር፣ የወሊድ፣ የጭንቀት፣ የስደት ግሩፕ ሞልቷል። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ስሟን ደብቃ የምትጽፍ ሴት «እኔም አልፌበታለሁ» የሚል መልስ ታገኛለች። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በማኅበሩ መሐል ያልተነገረው እዚህ ይነገራል።

ጉድለቱም እዚያው ነው። መካሪው ማን እንደሆነ አይታወቅም። በምክር ስም ደላላው ይገባል፣ መድኃኒት ሻጩ ይገባል፣ የተጻፈውን ፎቶ አንስቶ የሚበትነውም ይገባል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ይህ ነው፦ ሺህ አባል ባለበት ግሩፕ አንዲት ሴት ብትጠፋ የሚጠይቅ የለም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ መጽናኛው ስልኩ ውስጥ ብቻ የነበረ ሰው ብቻውን ቀረ።

የሌላው ዓለም ልምድ የሚያስተምረው አለ። እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ የተጀመረው የአልኮል ሱሰኞች ማኅበር ስም ይደብቃል፤ ሥርዓቱን ግን አይለቅም። በዚምባብዌ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ የጀመሩት «የወዳጅነት አግዳሚ ወንበር» የሰፈር አሮጊቶችን አሠልጥኖ የተጨነቀን ሰው እንዲያዳምጡ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት በስድስት ወር ውስጥ የተረዱት ሰዎች የጭንቀት ምልክት ከሌሎቹ ይልቅ መቀነሱን አሳይቷል። አሮጊቶቹ ሐኪም አይደሉም። ግን ሠልጥነዋል፣ ይታወቃሉ፣ ከአቅማቸው በላይ የሆነውን ወደ ባለሙያ ይልካሉ።

ስለዚህ ክርክሩ «ማኅበር ወይስ ግሩፕ» መሆን የለበትም። ግሩፕ የሚከፍት ሰው ከሙሴው ይማር። ኃላፊነቱን በስሙ ይውሰድ፤ የሌላውን ምሥጢር የሚበትነውን ያስወጣ፤ ሕይወቷን ማጥፋት የምታስብ ሴት ስትጽፍ ከአስተያየት መዓት በፊት ወደ ሐኪምና ወደ ቅርብ ሰው ያድርሳት። ማኅበርተኛውም ከግሩፑ ይማር፦ እናትህ አጠገብ የተቀመጠችው ሴት ስሟን ደብቃ ሌሊት የምትጽፈው፣ ቀን የሚሰማት አጥታ ነው።

በወሩ 12 ጽዋው ሲዞር የሚጠየቀው ጥያቄ አሁንም ያው ነው፤ በስልክም ቢሆን ሊጠየቅ ይችላል፦ ዛሬ ማን ቀረ?