ከቁራኛ እስከ ኪሳራ ሕግ

በ20ኛው ምዕተ ዓመት መግቢያ ኢትዮጵያን የጎበኙ የውጭ አገር ሰዎች ካነሷቸው ፎቶግራፎች መካከል ሁለት ሰዎች በአንድ ሰንሰለት ተቆራኝተው የሚታዩባቸው ይገኛሉ። ነገሩን ለማያውቅ ተመልካች ሁለቱም ወንጀለኞች ይመስሉታል። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ አንደኛው ገንዘብ ያበደረ፣ ሁለተኛው የተበደረ ነው። ሥርዓቱ ቁራኛ ይባል ነበር። ዕዳውን መክፈል ያቃተው ሰው እንዳይሰወር ከአበዳሪው ወይም አበዳሪው ከወከለው ሰው ጋር ይታሰራል፤ ሂሳቡ እስኪዘጋ ወይም አስተማማኝ ዋስ እስኪገኝ ድረስ አብረው ይውላሉ፣ አብረው ያድራሉ።

ቁራኛ የራሱ ብልሃት ነበረው። ወህኒ ቤት በየስፍራው ባልነበረበት ዘመን አበዳሪው ራሱ ጠባቂ ይሆናል፤ የባለ ዕዳው ውርደት በአደባባይ ሲታይም ዘመድ አዝማድ አዋጥቶ ያስፈታዋል ተብሎ ይታሰባል። ጉድለቱም የዚያኑ ያህል ግልጽ ነበር። የታሰረ እጅ አያርስም፣ አይሸምንም፣ አይነግድም። ዕዳውን ሊከፍል የሚችለው ጉልበት በዕዳው ምክንያት ሥራ ይፈታል። ከዚህም በላይ ሰንሰለት ሁለት ጫፍ አለውና፣ አበዳሪውም ከቤቱና ከሥራው ተለይቶ የገዛ ገንዘቡ እስረኛ ይሆናል። ዛሬ ቃሉ «በዓይነ ቁራኛ መከታተል» በሚለው አነጋገር ውስጥ ቀርቷል። ሥርዓቱ ያልመለሰው ጥያቄ ግን አብሮት አልቀረም፦ ከልቡ ሊከፍል ወድዶ ፈጽሞ ያልቻለ ሰው ምን ይሁን?

ጥያቄው የአንድ አገር ብቻ አልነበረም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ450 ገደማ የወጣው የሮማውያን የ12ቱ ሰሌዳዎች ሕግ፣ ለተፈረደበት ባለ ዕዳ የ30 ቀን ጊዜ ይሰጠውና፣ ካልከፈለ አበዳሪው በእግር ብረት አስሮ 60 ቀን እንዲያቆየው ይፈቅድ ነበር። ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው በባርነት መሸጥ ወይም ሞት ነው። የሃይማኖት መጻሕፍት በአንጻሩ ሌላ መንገድ አመልክተዋል። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 15 በየሰባቱ ዓመት ዕዳ እንዲተው ያዝዛል። ቁርኣንም በሁለተኛው ምዕራፍ የተቸገረ ባለ ዕዳ እስኪመቸው ድረስ ጊዜ እንዲሰጠው፣ ቢተውለት ግን የተሻለ እንደሆነ ይመክራል። እነዚህ ትእዛዛት ለአበዳሪው ኅሊና የተነገሩ ናቸው። የኪሳራ ሕግ ታሪክ ይህ ምሕረት ከኅሊና ወጥቶ ወደ ፍርድ ቤት የገባበት ታሪክ ነው።

ለውጡ ጎልቶ የታየው በእንግሊዝ ነው። በ1542 እ.ኤ.አ. በንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ዘመን የወጣው የመጀመሪያው የኪሳራ ሕግ ከሳሪውን የሚያየው እንደ አታላይ ነበር፤ ንብረቱ ተሸጦ ለአበዳሪዎች ይከፋፈላል፣ ያልተከፈለው ቀሪ ዕዳ ግን አይለቀውም። ደራሲው ዳንኤል ዴፎ በነጋዴነቱ ዘመን፣ በ1692 እ.ኤ.አ.፣ 17 ሺህ ፓውንድ ዕዳ ላይ ወድቆ ከሰረ። ከዚያም ሐቀኛ ከሳሪ እንደገና ሠርቶ እንዲበላ ሕግ ይፈቀድለት ዘንድ በብዕሩ ተሟገተ። በንግሥት አን ዘመን፣ በ1706 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ይህን አሳብ ተቀበለ። ንብረቱን ሳይደብቅ ያስረከበ ነጋዴ ከቀሪው ዕዳ ነጻ እንዲሆን ፈቀደ፤ ንብረቱን የደበቀውን ግን በሞት እንዲቀጣ ደነገገ። ምሕረትና እውነተኛነት ከዚያ ቀን ጀምሮ በአንድ ውል ታሰሩ።

ምሕረቱ ግን ለነጋዴ ብቻ ነበር። የባሕር ኃይል መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የነበረው የቻርልስ ዲከንስ አባት በ1824 እ.ኤ.አ. በ40 ፓውንድ ከ10 ሺሊንግ ዕዳ ማርሻልሲ በተባለው የለንደን ወህኒ ቤት ገባ። የ12 ዓመቱ ቻርልስ በጫማ ቀለም ፋብሪካ ለመሥራት ተገደደ፤ ያ ትዝታም በኋላ በልብ ወለዶቹ ውስጥ ደጋግሞ ብቅ ብሏል። በእንግሊዝ የኪሳራ ሕግ ነጋዴ ላልሆነውም ሰው የተከፈተው በ1861 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በዕዳ መታሰር በአመዛኙ የቀረው ደግሞ በ1869 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ ነው።

ወደ አፍሪካ ቀንድ ስንመለስ፣ የኢትዮጵያ ሕግ የተቀዳው ከሌላ ምንጭ መሆኑ ብዙ ነገር ይገልጣል። በ1952 ዓ.ም. የታወጀውን የንግድ ሕግ ማርቀቅ የጀመሩት ፈረንሳዊው ሊቅ ዣን ኤስካራ ሲሆኑ፣ እርሳቸው በ1955 እ.ኤ.አ. ሲሞቱ ሥራውን የፈጸሙት የአገራቸው ልጅ አልፍሬድ ዦፍሬ ናቸው። በፈረንሳይ ልማድ ኪሳራ የነጋዴ ጉዳይ ነበርና፣ የኢትዮጵያም ሕግ አምስተኛ መጽሐፍ ኪሳራን ለነጋዴዎችና ለንግድ ማኅበራት ብቻ ወሰነ። ገበሬውና ደመወዝተኛው ከደጅ ቀሩ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ ድርጅቶች ከመውደቃቸው በፊት የሚታደጉባቸውን ሥርዓቶች ቢጨምርም፣ በደመወዝ የሚተዳደር ሰው የቤተሰብ ዕዳውን ይዞ የሚገባበት በር አልከፈተም። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ለኑሮና ለሥራ የግድ አስፈላጊ የሆኑ ዕቃዎች በፍርድ እንዳይያዙ ይጠብቃል። ዕዳውን ግን አያስቀርም።

የሚያስደንቀው፣ ምንጩ ራሱ መለወጡ ነው። ፈረንሳይ በ1989 እ.ኤ.አ. በዕዳ ለተዋጡ ተራ ዜጎች ልዩ ሕግ አወጣች፤ በ2003 እ.ኤ.አ. ደግሞ ተስፋ የሌለው ዕዳ ጨርሶ የሚሰረዝበትን ሥርዓት ጨመረች።

ጎረቤት ኬንያ ከቅኝ ገዢዋ የወረሰችው የኪሳራ ሕግ ነጋዴና ነጋዴ ያልሆነ አይለይም ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ተተኪ ሕግ ደግሞ መንገዱን አስፍቶታል። በዚህ ሕግ መሠረት ፍርድ ቤት ከሳሪ ያለው ሰው የሀብትና የዕዳውን ዝርዝር ያስረክባል፤ ንብረቱም በባለ አደራ እጅ ገብቶ ለአበዳሪዎች ይከፋፈላል። የሥራ መሣሪያውና አስፈላጊ የቤት ዕቃው ግን ይተዉለታል። ሕጋዊ ተቃውሞ ካልቀረበበት፣ ዝርዝሩን ካስገባ ከሦስት ዓመት በኋላ ነጻ ይወጣል። ሊሸጥ የሚችል ንብረት ለሌለውና ዕዳው ከ100 ሺህ እስከ 4 ሚሊዮን ሺሊንግ ለሆነ ሰው የተለየ አጭር ሥርዓት አለ፤ ይህም በ12 ወር ይፈጸማል። ነገር ግን ሀብት የደበቀ፣ ወይም እንደማይከፍል እያወቀ የተበደረ ሰው በዚህ በር አይገባም። በማጭበርበር የተገኘ ዕዳና ለልጅ የሚቆረጥ ቀለብም በኪሳራ አይሰረዙም። በናይሮቢ የሚኖር አማርኛ ተናጋሪ ነዋሪ ከዚህ ሕግ ጥላ ሥር ነው፤ ዕዳውን ሸሽቶ ከተማ ከመለወጥ ወይም አንዱን ብድር በሌላ ብድር ከመድፈን በፊት ሊያውቀው የሚገባ መንገድ ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ የታወቀ ነው፦ ዕዳ ከተሰረዘ ማን ያበድራል? ቃልስ ምን ዋጋ ይኖረዋል? «ያባት ዕዳ ለልጅ» በሚባልበት ኅብረተሰብ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። መልሱ ያለው በሕጉ አሠራር ውስጥ ነው። ኪሳራ በነጻ አይገኝም፤ ባለ ዕዳው ያለውን ሁሉ በግልጽ ያሳያል፣ የሚተርፈውን ያስረክባል፣ ስሙ በመዝገብ ይሰፍራል፣ ለጊዜውም አዲስ ብድር እንደ ልቡ አይወስድም። አበዳሪውም የሚያጣው ቀድሞውኑ የሌለ ገንዘብ ነው፤ የሚያገኘው ግን ካለው ላይ ድርሻውንና የማያልቅ ክስ ማብቂያውን ነው።

የቁራኛ ዘመን ዳኞች ዕዳ ሁለት ሰዎችን እንደሚያስር በዓይናቸው ያዩ ነበር። ሰንሰለቱ የሚፈታው ገንዘቡ ወይም ዋሱ ሲገኝ ብቻ ነበርና፣ ሁለቱም የሌሉት ሰው ከነአሳሪው ታስሮ ይውላል። የኪሳራ ሕግ ያመጣው አዲስ ነገር፣ ገንዘቡም ዋሱም በሌሉበት ጊዜ ሰንሰለቱን ከሁለቱም እጅ የሚያወልቅ ሦስተኛ ሰው፣ ዳኛ፣ መኖሩ ነው።