ሲቆሙ የሚወርድ የደም ግፊት በስኳር ሕሙማን

ሲቆሙ የሚወርድ የደም ግፊት አንድ ሰው ከተኛበት ወይም ከተቀመጠበት ሲነሳ ግፊቱ የሚያሽቆለቁልበት የጤና ችግር ነው። ከቆሙ በ3 ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም የታችኛው በ10 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ፣ ወይም ከዚያ በላይ፣ ከቀነሰ ችግሩ አለ ይባላል። በስኳር ሕመም ብዙ ዓመት በቆዩ ሰዎች ላይ በብዛት ይታያል።

ሰው ሲቆም ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ደም ወደ እግርና ወደ ሆድ ይወርዳል። በጤናማ ሰው ነርቮች የደም ሥሮችን ወዲያው ያጠብባሉ፤ የልብ ምትንም ያፈጥናሉ። ለረጅም ጊዜ ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር እነዚህን ነርቮች ሲጎዳ ትእዛዙ ይዘገያል ወይም ጭራሽ አይደርስም። ያኔ ሰውየው ያዞረዋል፣ ዓይኑ ይጨልማል፣ አንዳንዴም ራሱን ስቶ ይወድቃል። ምልክቱ የማይሰማቸውም አሉ፤ ተቀምጠው ብቻ ከተለኩ ችግሩ ሳይታወቅ ያልፋል።

የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ ከወልድያ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ከወልድያም ዝቅ ያለችና ሞቃት ናት። ሙቀት የደም ሥሮችን ያሰፋል፣ ላብም የሰውነትን ውሃ ይቀንሳል። ስኳሩ ከፍ ያለበት ሰው ደግሞ ሽንት ስለሚያበዛ ውሃው በሁለት በኩል ይጎድላል። በረመዳንና በሌሎች ጾሞች ችግሩ ሊብስ ይችላል። ከስግደት ወይም ከሱጁድ ድንገት መነሳት፣ በቅዳሴ ረጅም ሰዓት መቆም፣ ጠላና አረቄም እንዲሁ። ለመጾም ያሰበ ሕመምተኛ አስቀድሞ ሐኪሙን ማማከር አለበት።

ሕክምናው የሚጀምረው መድኃኒቶችን ከመፈተሽ ነው። የደም ግፊት መድኃኒት፣ ሽንት የሚያሸና መድኃኒት፣ ለእግር ማቃጠል የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊንም ግፊትን ሊያወርዱ ይችላሉ። ይሁን እንጂ በራስ ውሳኔ ማቋረጥ አደገኛ ነው። ጠዋት በአልጋ ጫፍ ጥቂት ደቂቃ መቀመጥ፣ ከመነሳት በፊት እግርን ማንቀሳቀስ፣ ሁለት ብርጭቆ ውሃ መጠጣትና ምግብን በትንሽ በትንሹ መመገብ ይረዳል። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን የውሃውን መጠን ሐኪሙን ይጠይቅ። ጨው መጨመርም በሐኪም ምክር ብቻ ነው። ይህ ካልበቃ ፍሉድሮኮርቲዞን ወይም ሚዶድሪን ሊታዘዝ ይችላል፤ ሁለቱም ሲተኙ ግፊትን ከፍ ሊያደርጉ ስለሚችሉ ክትትል ይፈልጋሉ።

ማዞር ሁሉ ከግፊት አይደለም። በኢንሱሊን ወይም ስኳር በሚያወርድ ክኒን ላይ ያለ ሰው ስኳሩ ከ70 በታች ሲወርድም ያዞረዋል፣ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል። የግፊቱ ሲተኙ ይሻላል፤ የስኳሩ ግን በመተኛት አይለቅም። መለኪያ በአቅራቢያ ከሌለና ሰውየው መዋጥ ከቻለ ስኳር ያለው ውሃ መስጠት ይቀድማል። ራሱን ለሳተ ሰው ምንም በአፉ አይሰጥም፤ በጎኑ አስተኝቶ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ያስፈልጋል።