የሰባራ ድልድይ መጋጠሚያ

ሁለት ነገሮች ተያይዘው አንድ ሥራ ሲኾኑ፥ የሠሪው ጥበብ የሚታወቀው በመጋጠሚያቸው ነው። ለስላሳው ለጠንካራው ይታዘዛል፤ ጠንካራ ግን ለጠንካራ አይታዘዝም። ድንጋይና እንጨት፥ ኖራና ብረት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ባሕርይ አላቸው፤ በፀሐይ እኩል አይሰፉም፥ እርጥበትንም እኩል አይችሉም። ስለዚህ አንዱ ከሌላው ሳይበልጥና ሳያንስ ፊታቸው እንዲስተካከል ማድረግ ለዓይን ማማር ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ የሥራው ዕድሜ በዚያ ላይ የተመሠረተ ነው። ለዚህም በጎጃምና በቤጌምድር መካከል፥ በዓባይ ላይ ያለው የሞጣው ሰባራ ድልድይ ምስክር ይኾናል። (ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።)

ከቢቸና ተነሥቶ በሞጣ በኩል ወደ ቤጌምድር የሚሄድ ሰው ወደ ዓባይ ቆላ መውረድ ግዱ ነው። በሁለቱ አገሮች መካከል የተመላለሰውም ነጋዴ ብቻ አልነበረም። በቢቸና አጠገብ በዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ለመማር ከቤጌምድር የሚመጣው፥ በጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ ለመማር ከጎጃም የሚሄደው ተማሪ ሁሉ ይህን ወንዝ መሻገር ነበረበት። ዓባይ በክረምት ሲሞላ ደግሞ መንገደኛን ከመንገዱ፥ ወገንን ከወገኑ ይለያል።

የአገራችን ጥንታውያን ግንበኞች ድንጋይን ከእንጨት ጋር ማጋጠም ያውቁ ነበር። በደብረ ዳሞ ረጃጅም እንጨቶች በግንቡ ርዝመት ተጋድመዋል፤ አጫጭር እንጨቶችም ግንቡን አቋርጠው ያስሯቸዋል፤ ጫፋቸው ወደ ውጭ ብቅ ስለሚል «የዝንጀሮ ራስ» ተባለ። ይህ ሥራ በደረቅ ተራራ ላይ ዘመናትን አሳለፈ። ለወንዝ ግን ሌላ ማያያዣ ያስፈልግ ነበር። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን (1607–1632) ከህንድና ከፖርቱጋል በመጡ ሰዎች ረዳትነት የኖራ ግንብ ሥራ ተስፋፋ፤ የሞጣውም ድልድይ በልጃቸው በአፄ ፋሲል ዘመን (1632–1667) በድንጋይና በኖራ ተሠራ።

የኖራ ነገር የሚያስደንቅ ነው። የኖራ ድንጋይ 900 ዲግሪ ያህል በሚደርስ ሙቀት ሲቃጠል ድንጋይነቱን ይተዋል፤ በውሃም ሲበርድ እንደ ሊጥ ይኾናል። በግንብ መካከል ከገባ በኋላ ግን በእሳት ያጣውን ከአየር ቀስ በቀስ እየተቀበለ ወደ ድንጋይነቱ ይመለሳል። ዐዋቂ ግንበኛ ኖራውን ከድንጋዩ ፊት ጋር አስተካክሎ ይጨርሰዋል። ኖራው ወደ ውስጥ ቢጎድል ውሃ በጎድጓዳው ይቆማል፤ ወደ ውጭ ቢወጣም ጐርፍ ጠርዙን እየያዘ ይልጠዋል። ደግሞም ኖራ ከድንጋይ ስለሚላላ፥ ግንቡ ጥቂት ቢንቀሳቀስ የሚሰነጠቀው ኖራው ነው፤ ድንጋዩ ይድናል፥ ኖራውም ይታደሳል። ደካማው ጠንካራውን የሚጠብቀው በዚህ ዓይነት ነው።

ድልድዩ ከ260 ዓመት በላይ ከዓባይ ጐርፍ ጋር ሲታገል ኖረ። ጐርፍ ያልሰበረውንም ጦርነት ሰበረው፤ በኢጣልያ ወረራ ዘመን (1936–1941) የጠላት ጦር እንዳይሻገርበት መካከሉ ፈረሰ። ሥራው ለአገር ነጻነት የተደረገ ነበረ፤ ዋጋውን ግን የወንዙ ዳርና ዳር ሰዎች ከ60 ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ ከፈሉት። በፈረሰው መካከል ገመድ ተዘረጋ፤ መንገደኛውም ወገቡን ታስሮ፥ በወዲያና በወዲህ ማዶ በቆሙ ሰዎች ጉልበት እየተሳበ፥ ከገደሉ በላይ ተንጠልጥሎ ይሻገር ነበር።

ይህ ሁኔታ በመጽሔት ላይ በወጣ ፎቶግራፍ ከታየ በኋላ፥ ኬን ፍራንትስ የተባለ አሜሪካዊ ከባልንጀሮቹ ጋር መጥቶ በ2002 የፈረሰውን መካከል በብረት አገናኘው። እንግዲህ ድንጋይና ብረት በአንድ ሥራ ላይ ተገናኙ።

የእነዚህ ሁለቱ ጋብቻ ግን በሌላም አገር ብዙ ያስቸገረ ነው። በአቴና የፓርቴኖንን ቤተ ጣዖት (447–432 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ) የሠሩት ግሪኮች ዕብነ በረዱን በብረት ሲያያይዙ፥ ውሃ እንዳይደርስበት በብረቱ ዙሪያ እርሳስ አቅልጠው ያፈሱ ነበር። ከ1898 ጀምሮ ሕንጻውን ያደሰው ባላኖስ የተባለ መሐንዲስ ብረቱን ያለ እርሳስ አገባው፤ ብረቱም ዝጎ ሲያብጥ ዕብነ በረዱን ሰነጠቀው። በኋላ ዘመን የመጡ ጠጋኞች ያንን ብረት እያወጡ በማይዝግ በቲታንየም ለወጡት። ጥንታዊው ሠሪ በሁለቱ ጠንካሮች መካከል ለስላሳ አስታራቂ አስቀምጦ ነበር፤ አዳሹ አስታራቂውን ስለ ረሳ ማደሱ ለጥፋት ኾነ።

የሞጣውን ጥገና ያጠፋው ግን ዝገት አይደለም፤ ዓባይ ነው። በ2005 ጐርፉ ከፍ ብሎ መጥቶ ዳግመኛ እንዳይጠገን አድርጎ ሰበረው። ከዚህ በኋላ አሮጌውን ከአዲሱ ጋር የማያያዙ አሳብ ተተወ፤ በ2009 ርዝመቱ 100 ሜትር የኾነ፥ በብረት ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተፈጸመ። ይህ ድልድይ ክብደቱን በአሮጌው ግንብ ትከሻ ላይ አልጣለም፤ በራሱ መሠረት ቆመ።

ቅኔ ያወቀ ሰው ይህን ፈጥኖ ያስተውለዋል። ሰሙና ወርቁ ልክክ ብለው የገጠሙለት ቅኔ መጋጠሚያው ሳይሰማ ያልፋል፤ ካልገጠመ ግን በግድ ከማያያዝ ቤቱን አፍርሶ እንደገና መቍጠር ይሻላል። የድልድዩም ነገር እንደዚሁ ነው። የፋሲል ግንበኞች ድንጋይንና ኖራን አስተካክለው አንድ አደረጉ፤ የኋለኞቹም ብረትን ከድንጋይ ለይተው ለብቻው ማቆም እንደሚገባ በመከራ ተማሩ። ዛሬ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ወይም አሮጌ ግንብ ለማደስ ሲሚንቶና ብረት ይዞ የሚነሣ ሁሉ አስቀድሞ ይህን ሊመረምር ይገባዋል፤ አሮጌው ድንጋይ የተጨመረበትን ሊሸከም ይችላልን? መጋጠሚያውስ በየትኛው ባሕርይ ይታረቃል? ይህ ሳይጠየቅ ቢቀር፥ ዕዳውን የሚከፍለው በገመድ ተንጠልጥሎ የሚሻገረው መንገደኛ ነው።