የአጃ ብስኩት በምሥራቅ አዲስ አበባ

የአጃ ብስኩት፣ በኬክ ቤቶችና በወጣቶች አፍ «የአጃ ኩኪስ»፣ ከተዳመጠ አጃ፣ ከቅባት፣ ከማጣፈጫና ከእንቁላል ተለውሶ የሚጋገር ትንሽ ጣፋጭ ነው። በቦሌ፣ በገርጂ፣ በሲኤምሲና በአያት ሰፈሮች ቤት ውስጥ የሚዘጋጀው «ጤናማ» ዓይነት ስኳሩን በበሰለ ሙዝ ወይም በተምር፣ የስንዴ ዱቄቱን ደግሞ በኦቾሎኒ፣ በተልባ ወይም በሰሊጥ ይተካል። ብዙ ጊዜ «ካርቦሃይድሬቱ ዝቅተኛ ነው» ይባላል። አባባሉ በጥንቃቄ መወሰድ አለበት፤ የአጃ ክብደት ሁለት ሦስተኛው ገደማ ራሱ ካርቦሃይድሬት ነው።

የእህሉ ማንነት

በአገር ውስጥ አጃ የሚባለው እህል አንድ ብቻ አይደለም፤ ልዩነቱም የብስኩቱን ጠባይ ከስኳሩ መጠን ባላነሰ ይወስናል። በቦሌ ሱፐርማርኬቶች በካርቶንና በቆርቆሮ የሚሸጠው ከውጭ የመጣ የተዳመጠ አጃ ነው፤ በሳይንስ ስሙ አቬና ሳቲቫ ይባላል። በባሌ፣ በአርሲ፣ በሸዋና በወሎ ደጋዎች ግን በዚሁ ስም የሚታወቀው ገለባው በውቂያ በቀላሉ የማይላቀቅ ጥንታዊ የስንዴ ዓይነት ነው። ለአራስ የሚገነፋው፣ አጥንቱ ለተሰበረ ሰው «ይጠግናል» ተብሎ የሚሰጠው ብዙ ጊዜ ይኸኛው ነው። ከሾላ ገበያ አጃ ገዝቶ የጋገረ ሰው፣ ሳያውቀው የስንዴ ብስኩት ጋግሮ ሊሆን ይችላል። ብስኩቱ አይበላሽም፤ ጣዕሙም ጥሩ ነው። ነገር ግን ግሉተን ይኖረዋል፤ አጃ የሚመሰገንበት ቤታ ግሉካን የተባለው የሚሟሟ ፋይበርም በስንዴ ውስጥ እጅግ ያንሳል።

ሦስተኛው ሲናር ነው። ዕፅዋት አጥኚዎች አቬና አቢሲኒካ ብለው የሰየሙት ይህ እህል በደጋ ገብስ መካከል ይበቅላል፤ ገበሬው ለብቻው አይዘራውም፣ ከማሳውም ነቅሎ አይጨርሰውም። ከገብሱ ጋር ይታጨዳል፣ ከገብሱ ጋር ተፈጭቶ ለእንጀራና ለጠላ ይውላል። የሲናር አመጣጥ አከራካሪ ነው። የዕፅዋት ተመራማሪው ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን ተዘዋውሮ እህል ከሰበሰበ ወዲህ የአገሪቱ አጃዎች የተመራማሪዎችን ዓይን ስበዋል። ሌላው ተመራማሪ ጊዲዮን ላዲዚንስኪም በ1975 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ አጃዎች የተለየ ጥናት አሳትሟል። ጥያቄው ሲናር በእርግጥ የለመደ ሰብል ነው ወይስ የሰው መቻቻል ያቆየው አረም ነው የሚል ነው። ፍሬው እንደ ዱሩ ዘመዱ ሙሉ በሙሉ አይረግፍም፤ እንደ ሰብልም አጥብቆ አይይዝም፤ ስለዚህ «ግማሽ ለማዳ» የሚለው መካከለኛ አቋም ሚዛን የሚደፋ ይመስላል። ሲናር 28 ክሮሞሶም ሲኖረው ከውጭ የሚመጣው አጃ 42 አለው፤ ሲናር የካርቶኑ አጃ አያት ነው የሚለው ግምትም አያስኬድም።

አጃ በምሥራቅ አዲስ አበባ ሌላም ታሪክ አለው። ጉርድ ሾላ የሚገኘውና በ1974 እ.ኤ.አ. በተመሠረተው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል እግር የተተካው ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም (ኢልሪ) አጃን ያጠናው ለወተት ላሞች መኖ ነው። አጃ በዚህ ሰፈር በጤና ምግብነት ከመወደሱ በፊት በሣርነት ተመስግኗል ማለት ነው።

አመጣጥ

ብስኩቱ ከስኮትላንድ ጨው ያለበት የአጃ ቂጣ እንደተወለደ ይታመናል። ቀደምት የታተመ አሠራሩ ብዙ ጊዜ ለአሜሪካዊቷ ፋኒ ፋርመር የ1896 እ.ኤ.አ. የምግብ መጽሐፍ ይሰጣል፤ ከዚያ የሚቀድሙ ተመሳሳይ አሠራሮች ስላሉ ግን «የመጀመሪያው» ማለት አያስደፍርም። ኩዌከር የሚለው የንግድ ምልክት በ1877 እ.ኤ.አ. ከተመዘገበ በኋላ የካርቶን አጃ በየቤቱ ገባ። የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ አንዛክ ብስኩት እንቁላል የሌለው የቅርብ ዘመዱ ነው፤ ለጾም አሠራር መነሻ ሊሆን ይችላል፣ ቅቤው ግን በዘይት መተካት አለበት።

ስኳርና ካርቦሃይድሬት

ኢትዮጵያ ፋብሪካ የሠራው ስኳር በስፋት የለመደችው ወንጂ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ከጀመረ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የስንቅና የመክሰስ ምግቦች፣ በሶ፣ ጭኮና ቆሎ፣ ያለ ስኳር የሚሠሩ ናቸው፤ ዳቦ ቆሎም ስኳር ቢገባበት ጥቂት ነው። ስኳር የሌለበት መክሰስ አዲስ ግኝት ነው የሚለው ወሬ በዚህ አገር ብዙም አያስገርምም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ የተጨመረ ስኳር ከዕለት ጉልበት ከ10 በመቶ እንዲያንስ፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን ይመክራል፤ ሁለተኛው መጠን 25 ግራም፣ ማለትም ወደ 6 የሻይ ማንኪያ ይጠጋል። ማር በዚህ ስሌት ከስኳር አይለይም። ከ100 ግራም ማር ወደ 80 ግራም የሚጠጋው ስኳር ነው፤ በማር የተጋገረውን «ስኳር የለውም» ማለት ትክክል አይደለም። ተምርም ከ100 ግራሙ ወደ 65 ግራም ስኳር አለው፤ ከማር የሚሻለው ፋይበሩን ይዞ ስለሚመጣ ነው። ስቲቪያን የመሰሉ ማጣፈጫዎችን በተመለከተ ድርጅቱ በ2023 እ.ኤ.አ. ለክብደት መቆጣጠሪያነት እንዳይመረጡ መክሯል፤ ምክሩ የስኳር ሕመም ያለባቸውን አይመለከትም።

ልዩነቱ በቁጥር ይታያል። በተለመደው አሠራር 150 ግራም አጃ፣ 100 ግራም የስንዴ ዱቄት፣ 150 ግራም ስኳር፣ ቅቤና እንቁላል ተለውሶ 16 ብስኩት ቢወጣው፣ እያንዳንዱ ወደ 20 ግራም ካርቦሃይድሬት ይይዛል፤ ከዚህ ውስጥ ከ9 ግራም በላይ የተጨመረ ስኳር ነው። በተቀነሰው አሠራር 150 ግራም አጃ፣ 100 ግራም ስኳር ያልገባበት የኦቾሎኒ ቅቤ፣ 30 ግራም የተፈጨ ተልባ፣ አንድ የበሰለ ሙዝና አንድ እንቁላል ይገባል። የ16ቱ እያንዳንዳቸው ካርቦሃይድሬት ወደ 10 ግራም ይወርዳል፤ ከዚህም 2 ግራም ገደማው ፋይበር ነው፣ ስኳሩ ከአንድ ግራም ብዙም አይርቅም። ግማሽ ቅናሽ ነው። ካርቦሃይድሬትን አጥብቆ ለሚቆጥር ሰው ግን ሦስት ብስኩት አሁንም 30 ግራም ነው።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ1997 እ.ኤ.አ. በቀን 3 ግራም ቤታ ግሉካን የልብ ሕመም ስጋትን ሊቀንስ እንደሚችል በአጃ ምርቶች ላይ እንዲጻፍ ፈቅዷል። ቆይቶ ለገብስም ፈቅዷል፤ ይህ በአዲስ አበባ ብዙም አይነሳም። የደጋ ገብስ በዋጋም በቅርበትም ከካርቶን አጃ ይሻላል፤ ከአጃው ግማሹን በደቃቅ የገብስ ቅንጬ ቢተኩት ብስኩቱ ጠንከር ይላል እንጂ አይበላሽም። ቅንጬው ቀድሞ በሙቅ ውሃ መዘፍዘፍ አለበት።

አጋገር በከፍታ ላይ

የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። በዚህ ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ እርጥበት ቶሎ ይተናል፣ የቤኪንግ ፓውደር አየርም ይበልጥ ይነፋል። ስለዚህ ለባሕር ዳርቻ አገር የተጻፈ አሠራር ሲወሰድ ቤኪንግ ፓውደሩን በሩብ መቀነስ፣ አንድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ መጨመርና ብስኩቱን ከተጻፈው ሰዓት ቀደም ብሎ ማየት ይመከራል።

የስኳር መቀነስም የራሱ መዘዝ አለው። በኦቨን ውስጥ ቀልጦ ሊጡን የሚያነጥፈው፣ የሚያቀላውና ለስላሳ የሚያደርገው ስኳሩ ነው። ስኳር ያነሰው ሊጥ እንደተቀመጠ ይጋገራል፤ ስለዚህ በእጅ ወይም በሹካ ጀርባ እስከ አንድ ሴንቲሜትር መዳመጥ አለበት። መልኩም ስለማይቀላ መብሰሉ ከላይ አይታወቅም፤ አንዱን ገልብጦ ታቹን ማየት ይሻላል። ሊጡ ግማሽ ሰዓት ቢያርፍ አጃው እርጥበቱን ይጠጣል፣ ብስኩቱም አይፈራርስም። በ175 ዲግሪ ከ12 እስከ 14 ደቂቃ ይበቃዋል። ቫኒላ ሳይኖር ቀረፋና ጥቂት ኮረሪማ የስኳሩን ጉድለት ይሸፍናሉ፤ ኮረሪማው ግን ከሩብ የሻይ ማንኪያ ካለፈ ብስኩቱ ወጥ ወጥ ይሸታል።

ኦቨን በሌለበት ቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ ያገለግላል። እሳቱ ከታች ብቻ ስለሆነ ምጣዱ ዝቅ ባለ ሙቀት ይከደናል፤ ብስኩቱም አንዴ ይገለበጣል።

የጾም አሠራር

በኦርቶዶክስ ቤቶች በዓመት ከ180 ቀናት በላይ የሚጾም በመሆኑ እንቁላልና ቅቤ የሌለበት አሠራር ዋነኛው ሊባል ይችላል። አንድ እንቁላል በአንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባና በሦስት ማንኪያ ውሃ ይተካል፤ አሥር ደቂቃ ሲቆይ ይወፍራል።

ግብዓትና ገበያ

ኦቾሎኒ ከባቢሌና ከሌሎች የምሥራቅ ሐረርጌ አካባቢዎች ይመጣል። የተጨማደደ፣ የጠቆረና የሻገተ ፍሬ አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ሊኖርበት ስለሚችል ከመቆላቱ በፊት ተለቅሞ ይጣላል፤ መቆላት መርዙን ሙሉ በሙሉ አያጠፋም።

ከውጭ የሚመጣው አጃ በተፈጥሮው ግሉተን የለውም። የሰፈር ወፍጮ ግን ስንዴውን፣ ገብሱንና ጤፉን በአንድ ድንጋይ ስለሚፈጭ፣ ግሉተን የማይስማማው ሰው ወፍጮ ቤት የገባ የአጃ ዱቄት ሊተማመንበት አይገባም፤ «ከግሉተን ነጻ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን የተዳመጠ አጃ ገዝቶ ቤት ውስጥ በማደባለቂያ መፍጨት ይሻለዋል።