የድር ማጣሪያዎችን በሞጁሎች መካከል መጋራት

የድር ማጣሪያዎችን መጋራት ወደ ሰርቨር የሚመጣን ጥያቄ የሚፈትሽ የኮድ ክፍል፣ ማለትም ማጣሪያ ወይም ፊልተር፣ በአንድ ሞጁል ውስጥ ተጽፎ የሌሎች ሞጁሎችን አገልግሎቶችም እንዲሸፍን የማድረግ ዘዴ ነው። ዘዴው በተለይ ኦኤስጂአይ በተባለው የጃቫ ሞጁል ሥርዓት ላይ በሚሠሩ መተግበሪያዎች ዘንድ የታወቀ ሲሆን፣ የተጠቃሚን ማንነት ማረጋገጥን፣ የጥያቄዎችን መዝገብ መያዝንና ምላሽን ማመቅን የመሰሉ የጋራ ሥራዎች በየሞጁሉ ተደጋግመው እንዳይጻፉ ያደርጋል።

መነሻ

ማጣሪያ በጃቫ ሰርቭሌት ደንብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው እትም 2.3 ነው። ሰርቭሌት ጥያቄ ተቀብሎ ምላሽ የሚያዘጋጅ የፕሮግራም ክፍል ሲሆን፣ ማጣሪያ ደግሞ ከሰርቭሌቱ ፊት ቆሞ ጥያቄውን ወደ ቀጣዩ ያሳልፋል ወይም ራሱ ምላሽ ሰጥቶ ይመልሰዋል፤ የተላለፈው ጥያቄ ምላሽ ሲያገኝም ሥራው ወደ ማጣሪያው ተመልሶ ይጠናቀቃል። እንዲህ ተከታትለው የሚሠሩ ማጣሪያዎች የማጣሪያ ሰንሰለት ይባላሉ። በተለመደው አሠራር መተግበሪያው በአንድ ጥቅል ስለሚጫን ማጣሪያዎቹን ከነቅደም ተከተላቸው በአንድ የማዋቀሪያ ፋይል መዘርዘር ይቻላል።

ኦኤስጂአይ ግን መተግበሪያውን ባንድል በሚባሉ ሞጁሎች ይከፋፍለዋል፤ እያንዳንዱ ባንድል ሰርቨሩ ሳይቆም ሊጫን፣ ሊታደስና ሊነሣ ስለሚችል ሁሉንም የሚያውቅ አንድ የማዋቀሪያ ፋይል አይኖርም። የሥርዓቱ ቀዳሚ የድር ደንብ የሆነው ኤችቲቲፒ ሰርቪስ ሰርቭሌቶችንና ቋሚ ፋይሎችን ማስመዝገብ ቢፈቅድም ለማጣሪያ ቦታ አልነበረውም። ይህን ክፍተት ለመሙላት ደንቡን በሥራ ላይ ያዋሉት አፓቼ ፌሊክስና ፓክስ ዌብ የተባሉ ፕሮጀክቶች የየራሳቸውን ተጨማሪ ዘዴ አበጁ፤ በአንዱ ዘዴ የተጻፈ ኮድም እንዳለ ወደ ሌላው የሚዛወር አልነበረም።

አሠራር

የጋራ መፍትሔ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2015 ኮምፔንዲየም በተባለው የኦኤስጂአይ ደንቦች ስብስብ 6ኛ እትም በወጣው የኤችቲቲፒ ዋይትቦርድ ደንብ ነው። በዚህ ደንብ መሠረት ሞጁሉ ሰርቨሩን ፈልጎ አይጠራም፤ ይልቁንም ማጣሪያውን ከመለያ ባሕርያቱ ጋር በሥርዓቱ የአገልግሎት መዝገብ ላይ ያሰፍረዋል፣ መዝገቡን የሚከታተለው የድር ሞጁልም አንሥቶ ሥራ ላይ ያውለዋል።

የመጋራቱ ቁልፍ ዐውድ ነው። ዐውድ ሰርቭሌቶችና ማጣሪያዎች በጋራ የሚገኙበት፣ የራሱ መነሻ አድራሻ ያለው ክልል ሲሆን፣ ማጣሪያ የሚያገለግለው ከራሱ ጋር በአንድ ዐውድ ውስጥ ያሉትን ሰርቭሌቶች ብቻ ነው። ለምሳሌ የትዕዛዝ ሞጁልና የክፍያ ሞጁል ሰርቭሌቶቻቸውን ለሱቁ በተበጀ አንድ ዐውድ ውስጥ ቢያስመዘግቡ፣ በሦስተኛ ሞጁል ያለ ማጣሪያ ያንኑ ዐውድ መርጦ «/*» የሚል የአድራሻ ንድፍ ሲይዝ ሁለቱንም ይሸፍናል። ዐውድ ያልመረጠ ማጣሪያ ግን በነባሪው ዐውድ ውስጥ ይመደባል፤ በመዝገብ ላይ ያለ ማጣሪያ ሳይጠራ ከሚቀርባቸው ምክንያቶች አንዱም ይህ ነው። አንድ ማጣሪያ ለብዙ ዐውዶች ሲያስፈልግ ለየዐውዱ የራሱ ቅጂ እንዲፈጠርለት አድርጎ ማስመዝገብ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው 7ኛ እትም ደግሞ ጥያቄው ወደ የትኛውም ዐውድ ከመመራቱ በፊት የሚሠራ ቅድመ አጣሪ የተባለ ዓይነት ጨምሯል።

ቅደም ተከተል

የማጣሪያዎቹን ተራ የሚወስነው በምዝገባ ጊዜ የሚሰጣቸው የደረጃ ቁጥር ነው፤ ከፍተኛ ቁጥር ያለው ቀድሞ ይጠራል፣ እኩል ሲሆኑም ቀድሞ የተመዘገበው ይቀድማል። መዝገብ ያዡ ማጣሪያ 300፣ ማንነት አረጋጋጩ 200 ቢሰጣቸው ተቀባይነት ያጡ ጥያቄዎች ጭምር በመዝገብ ይሰፍራሉ፤ ቁጥሮቹ ቢለዋወጡ ግን አረጋጋጩ የመለሳቸው ጥያቄዎች መዝገብ ያዡ ዘንድ ስለማይደርሱ የሰርጎ ገብ ሙከራ ዱካ ሳይተው ሊያልፍ ይችላል። ሞጁሎቹ በተለያዩ ቡድኖች ሲጻፉ የቁጥሮቹን ክፍፍል አስቀድሞ መስማማት የግድ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የደኅንነት ጥያቄ

የሞጁሎች መምጣትና መሄድ ለጥገና የሚመች ቢሆንም ከባድ አደጋ አለው። ማንነት የሚያረጋግጠው ማጣሪያ ያለበት ባንድል ለማደሻ ሲቆም ማጣሪያው ከሰንሰለቱ ይወጣል፣ ሰርቭሌቶቹ ግን ሥራቸውን ይቀጥላሉ፤ በዚያች ጊዜ የሚመጣ ጥያቄ ሁሉ ዘበኛው በሌለበት በር እንደሚገባ ሰው ያለ ፍተሻ ያልፋል። አስተማማኙ መፍትሔ ፍተሻውን ዐውዱን በሚያስመዘግበው ረዳት ክፍል ውስጥ ባለው የደኅንነት መፈተሻ ዘዴ ላይ መጻፍ ነው፤ ይህ ዘዴ ከማጣሪያዎቹ ሁሉ በፊት ይጠራል፣ ባንድሉ ሲቆምም ዐውዱ ራሱ ስለሚነሣ ሰርቭሌቶቹ ከአገልግሎት ይወጣሉ። ስለዚህ መዝገብ መያዝንና ማመቅን የመሰሉ፣ ለጊዜው ቢጎድሉ ጉዳት የማያስከትሉ ሥራዎች ለተጋራ ማጣሪያ ሊተዉ ይችላሉ፤ ጥበቃ ግን ሲጎድል አገልግሎቱን በሚያቆም ቦታ መቀመጥ አለበት።